በትርጉም የወሰድኩት አውፍታ

እስካለፈው እሑድ ድረስ ይህን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ለጓደኛ አልነገርኩም፤ ስለ ራሴ ሳይቀር በምቀልድባቸው መጣጥፎቼ ውስጥ እንኳ አላሾለክኩትም። ሌላውን በብዕር ስገርፍ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ተራው የኔ ሲሆን ብዕሬን አላለዝብም። በደሉን የሠራሁት በሙሉ ልብ ነው፤ የምናገረውም በሙሉ ልብ ነው።

ባለቤቴ ሰአዳ ኮምቦልቻ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት ከደሴ ወርዳ ማታ ትመለሳለች። አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባዋ ከሊዲያ አዲስ ሐሳብ ይዛ መጣች። የሊዲያ ቤተ ክርስቲያን ለባለትዳሮች ሥልጠና ሰጥቶ ኖሯል። ባልና ሚስት በሳምንት አንድ ምሽት እንደ እጮኛ ይቀመጡ፣ የፍቅር ፊልም ይዩ፣ እራቱም ከፊልሙ ጋር ይሂድ ተብሏል። ፊልሙ የህንድ ከሆነ ቅመም የበዛበት ሩዝ፣ የቱርክ ከሆነ የምስር ሾርባ። እኔ ሳቅኩ። በፕሮግራም የሚሠራ ፍቅር ስብሰባ ነው፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝለት አልኳት። ሰአዳ አልተከራከረችኝም፤ ቅዳሜ ሲደርስ ሩዙን ሠራች።

ወደድኩት። ሰው ሁሉ የሚወደውን አለመውደድ መታወቂያዬ ስለሆነ ግን መውደዴን ደበቅኩ፤ እያጉረመረምኩ ደግሜ አስጨመርኩ።

እሷ ታበስላለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ጣልያንኛ በወጣትነቴ መጽሐፍ ላንብብበት ብዬ ተምሬ ነበር፤ ደሴ ላይ ሌላ ጥቅም አላገኘሁለትም። ከሰው በፍላሽ የምገለብጣቸው የጣልያን ፊልሞች ከግርጌ የሚነበብ ጽሑፍ የላቸውም። ተዋናዮቹ ሲናገሩ እኔ በጆሮዋ እተረጉማለሁ፤ ሰአዳም ዓይኗን ከእነሱ ሳትነቅል ትሰማኛለች። በትዳራችን ሁሉ እንደዚያ ተሰምቼ አላውቅም። የሚሰማ ጆሮ ማግኘት ሰውን እንደሚያባልግ ከኔ በላይ ማን ሊያውቅ ይገባው ነበር?

ከዚያ አባቷ አረፉ። ሰደቃቸው ኩታበር በሚወጣበት ቀን እኔ ደሴ ላይ አንድ የመጽሐፍ ውይይት ነበረኝ፤ ዋናው ተናጋሪ እኔ ነኝ። ቀረሁ። መሄድ እየቻልኩ ቀረሁ። ሰአዳ ለእናቷና ለእህቶቿ «አሞት ተኝቷል» ብላ ዋሸችልኝ። ማታ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ፣ «አንተ መጽሐፍ እንጂ ሰው አታውቅም» አለችኝ። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወደ ጓዳ አለፈች። ጥፋተኛው እኔ መሆኔን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቃሏ ቆጠቆጠኝ። የቆጠቆጠኝ እውነት ስለሆነ ነበር።

ቅዳሜ መጣ። እንደተኳረፍን ነን፤ እሷ ግን እራቱን አልተወችም። ፊልሙ የባሕር ዳርቻ ታሪክ ነው ብዬ ቀደም ብዬ ነግሬያት ስለነበር ከሐይቅ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ገዝታ ጠብሳለች፤ ሎሚ ቆርጣለች፣ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አንጥፋለች። እያዘነች ያነጠፈችውን ጨርቅ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ያን ጊዜ ግን ዓሣውን እየበላሁ ተረጎምኩ።

የፊልሙ ባል መርከበኛ ነው። ሚስቱ ሐዘን በደረሰባት ጊዜ መምጣት እየቻለ አልመጣም። መጨረሻ ላይ ተመልሶ ማዕድ ቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ አንገቱን ደፍቶ እያለቀሰ ረጅም ንግግር ይናገራል። መምጣት እችል ነበር፣ ራሴን አስበልጬ ቀረሁ፣ ይቅር በይኝ ነው የሚላት። ሴትዮዋ ባጭሩ ትመልስለታለች። የማን ታሪክ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሰአዳም ሹካዋን አስቀምጣ የምለውን ትጠብቃለች።

ምን ብዬ ተረጎምኩ? መምጣት አቅቶት ነበር አልኩ። የተናገረችው ቃል ልቡን ስለሰበረው ነው የሚያለቅሰው አልኩ። ሴትዮዋ አፏን ስትከፍት ደግሞ፣ ቸኩዬ ክፉ ተናገርኩህ፣ አውፍ በለኝ አለችው ብዬ ተረጎምኩ። በእኛ በወሎ ይቅርታ የሚጠየቀው በዚህ ቃል ነው፤ ለጣልያናዊቷ የወሎ ቃል የሰጠኋት ሆን ብዬ ነው፣ ወደ ሰአዳ ልብ አቋራጩ መንገድ እሱ ስለሆነ። ሳልደናቀፍ፣ ድምፄን አሳምሬ ተረጎምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ ትርጉም ሠርቼ አላውቅም።

ሰአዳ ወደ እኔ ዞረች። «እኔም አውፍ በለኝ» አለችኝ። «የተናገርኩህ ቃል ከባድ ነበር።»

ያን ጊዜ እንኳ መመለስ እችል ነበር። ቀልዴን ነው ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን «አውፍ ብያለሁ» አልኳት። የበደልኩ እኔ፣ ይቅር ባይ ሆንኩ። ደግ ሰው መስዬ ሎሚውን እንድታቀብለኝ ጠየቅኳት፤ አቀበለችኝ።

ነገሩ በዚያ ቤት አልቀረም። ሰአዳ ለእህቶቿ ነገረች፤ ለሊዲያም ነገረች። ሊዲያ እንዲህ ያለ ባል በጸሎት ነው የሚገኘው አለችኝ። ዓመታት ሲያልፉ እኔም ታጋሽነቴን ለመድኩት። ለሰፈር ባልና ሚስት ሽምግልና ስጠራ አልግደረደርም ነበር።

ባለፈው እሑድ አማቴን ልንሰናበት ኩታበር ሄድን። ሐጅ ሊሄዱ ነው፤ ተጓዥ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ አውፍታ ይጠይቃል። የኔ ተራ ሲደርስ እጄን ያዙ።

«የበደልኩህ ካለ አውፍ በለኝ፣ ልጄ።»

«ኧረ እርስዎ ምን በድለውኝ፣ እማማ?»

«እኔ ባልበድልህ ልጄ በድላሃለች። በአባቷ ሰደቃ ጊዜ አሞህ ተኝተህ ሳለ ክፉ ተናግራህ፣ አውፍ ብለሃታል አሉ። ሆደ ሰፊ ነህ። አላህ ኸይር ጀዛህን ይክፈልህ።»

ሰአዳ የዋሸችልኝ ውሸትና እኔ የዋሸሁባት ውሸት ባንድ ምርቃት ተጠቅልለው እጄ ላይ ተቀመጡ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ወደ ሚኒባሱ በእግራችን ስንሄድ ለሰአዳ ነገርኳት። ቆመች። ፊልሙን ወዲያው ነው ያስታወሰችው።

«ሰውየው ነው ይቅርታ የጠየቃት?»

«አዎ።»

«የሚያለቅሰውስ?»

«ጥፋቱ ገብቶት።»

አውፍ በይኝ አልኳት።

«አውፍ እልሃለሁ፤ ሙስሊም ነኝ፣ እስከ መቼ እይዝብሃለሁ? መጀመሪያ ግን የኔን መልስልኝ።»

የተሰጠ አውፍታ እንዴት ይመለሳል? ብዙ አንብቤአለሁ፤ አንድም መጽሐፍ ይህን አልነገረኝም። ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አውፍታዋ በሰው ሁሉ ፊት ተወርቶ እኔን አስከብሯል፣ ስለዚህ በጆሮዋ በማንሾካሾክ አይመለስም። ዞሬ አማቴ ቤት ገባሁ፤ አሞኝ እንዳልነበር፣ የበደልኩት እኔ እንደሆንኩ በእህቶቿ ፊት ተናገርኩ። አማቴ ምርቃታቸውን አልደገሙልኝም። ማግስቱን ኮምቦልቻ ወርጄ ለሊዲያ ነገርኳት። ለቀራችሁት፣ ታጋሽ ባል እያላችሁ ላከበራችሁኝ ሁሉ፣ ይህን ጻፍኩ።

አንባቢዬ፣ አንተን አውፍ በለኝ አልልህም፤ የተበደለችው ሰአዳ ናት። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ተናድጄ ነበር አልልም። እያወቅኩ ተረጎምኩ። ሰአዳ እስካሁን አውፍ አላለችኝም፤ ይህን ወረቀትም ገና አላየችውም። የማይገባኝን አውፍታ አንድ ጊዜ በልቻለሁ፤ አሁን እሷ እስክትሰጠኝ ጾሜን እቆያለሁ።