ከጉድጓዱ በፊት የሚጠፋው ፊልም

አባቴ ፊልም ላይ የሚያየው ሾፌሮቹን ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ከድሬዳዋ ጅቡቲ ከባድ መኪና ነድቷል። በረሃ ላይ ጦርነት የሚካሄድባቸውን የድሮ የፈረንጅ ፊልሞች ስከፍትለት ተኩሱ ጉዳዩም አይደለም፤ «ይሄ ሰውዬ የጎማውን ንፋስ ሳይቀንስ አሸዋ ውስጥ ገባ» ብሎ ይናደዳል። ንግግራቸው አይገባውም፤ አያስፈልገውምም። መኪና አለ፣ አሸዋ አለ፣ የሚያልቅ ውሃ አለ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው ሳይ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ በቅጡ አላውቅም ነበር፤ ውሃው ለስንት ቀን እንደሚበቃቸው ግን አውቃለሁ። እነዚህ ፊልሞች የማያረጁት ለዚህ ይመስለኛል፤ ጥምን ማንም አያስተረጉምም።

አምና ኩላሊቱ ደከመ። በሳምንት ሁለቴ እጥበት ጀመረ፤ ሀኪሙም በቀን ግማሽ ሊትር ፈሳሽ ብቻ ፈቀደለት፣ ሻዩና ሾርባውም ከዚያው ላይ ተቆጥሮ። ትርፉ ሳንባው ውስጥ ይገባል፣ ሊገድለው ይችላል አለኝ። ይህን ያለኝ አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነው። ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን ግን ግንቦት ላይ ግድግዳው ራሱ ይፋጃል። ውሃ መከልከል ለጠላትም አይደረግም፤ እኔ ለአባቴ አደረግሁት።

መላውን ያመጣው እሱ ነው። ድሬ በሙቀቱ ምክንያት እኩለ ቀን ላይ ሱቁም ቢሮውም ስለሚዘጋ፣ ከሥራ ቤት የምመጣው ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሽርጡን አገልድሞ አልጋው ላይ ተቀምጦ ፊልም ክፈቺልኝ አለኝ። ወታደሮች መኪናቸው በረሃ ላይ ተበላሽቶባቸው፣ አዛዣቸው ውሃ በኮዳ ክዳን እየለካ የሚያድልበትን ነው የፈለገው። እነሱ ሲጠጡ እጠጣለሁ አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ክዳኑ እዚያ ከንፈር ሲነካ እሱም ከትንሿ የሻይ ብርጭቆ አንድ ጉንጭ ወስዶ ያስቀምጣል። አዛዡ እምቢ ሲል እሱም ይተዋል። እኔ ስለምነው የማይሰማ ሰው፣ ቁምጣ ለለበሰ ፈረንጅ መኮንን ታዘዘ። ተናድጃለሁ፣ አልዋሽም።

መጨረሻ ላይ ወታደሮቹ ጉድጓድ ያገኛሉ፤ እየተጋፉ ይጠጣሉ፣ ራሳቸው ላይ ይደፋሉ። እዚያ ሳንደርስ ሁሌም ቴሌቪዥኑን አጠፋና ቢሮ ረፈደብኝ እላለሁ። ፊልሙን በቃሉ የሚያውቀው ሰውዬ አንድም ቀን አልተቃወመኝም።

ከዚያ መጋላ ሰፈር ያለው የድሮ ወዳጁ መጣ። ሶማሌ ነው፤ በዚያው የጅቡቲ መንገድ እየተፈራረቁ ነድተዋል፣ አሁን ሱቅ አለው። ለተጠማ ሰው ውሃ መከልከል በእሱ ዘንድ ትልቅ ኃጢአት ነው። ቢሆንም የሀኪም ትእዛዝ ነውና ውሃ አላመጣም፤ እኔ ቢሮ ሳለሁ ሐብሐብ ይዞለት መጣ። ፍራፍሬ ነዋ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተሳሳቁ ግማሹን ጨረሱት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው። አመሻሹ ላይ አባቴ መተንፈስ አቅቶት በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ሦስት ቀን በኦክስጅን ቆየ። ወዳጁ ከበሩ ላይ አልተነሳም።

«ወላሂ ፍሬ መስሎኝ ነው» ይለኝ ነበር። «ጥሙን ማየት አቃተኝ።»

ልቆጣው አስቤ አልቻልኩም። እኔም ስንት ጊዜ ውሃ ልቀዳለት ተነስቼ ተመልሻለሁ።

አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት በገባ በሳምንቱ ሦስታችን ተቀምጠን ያንኑ ፊልም ከፈትን። ከስቷል፤ ስለ ጎማ አንድም ነገር አላለም። ክዳኑ ሲዞር እሱም አንድ ጉንጭ ወሰደ። ወዳጁ ብርጭቆውን ተቀብሎ ራቅ አድርጎ ያስቀምጥበታል፤ ከእኔ የባሰ ዘበኛ ሆኗል። ጉድጓዱ ሲቃረብ ሪሞቱን አነሳሁ።

«ተይው» አለኝ አባቴ። «እነሱ እንኳ ይጠጡ።»

ሪሞቱን አስቀመጥኩ። ወታደሮቹ ውሃው ላይ ተደፉ። እንባዬ መጣ። አባቴ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብሎ፣ መንገድ ላይ በጥም የወደቀ ሰው ያገኘ ሾፌር እንደሚያደርገው እጁን ዝቅ ከፍ እያደረገ፣ «ቀስ፣ ቀስ በሉ፤ አይጎዳችሁ» ይላቸው ነበር።