እማዋይሽ ሽክናዋን ቤት የተወችበት እሁድ

ከአንኮበር በታች ባለችው መንደር የእማዋይሽ እጅ ያልሠራው ጋን የለም። የሰንበቴው ጠላ የሚጠመቀውም በእሷ ጋን ነው። መጠጡ ላይ ሲደረስ ግን እሷ ከሰንበቴው ቤት ውጭ፣ ከቤቷ ይዛ በመጣችው ሽክና ትጠጣለች። ሸክላ ሠሪ ዘሯ ሌላ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች ይባላል። እንደ ሰው ገብታ ለመቀመጥ፣ ተራ ደርሷትም ለመደገስ ሁለት ጊዜ ጠይቃለች። ሁለቱንም ጊዜ "ይታይልሻል" ተባለች። ሦስተኛው ጥያቄዋ ለእሁድ ተቀጥሯል።

በዋዜማው ቅዳሜ ከሰዓት የጎልማሶች ትምህርት ነበር። የሰንበቴው ሰብሳቢ ጋሼ ፈንታሁን ከፊት፣ እማዋይሽ በሩ ሥር ተቀምጠዋል። መምህር ሠረቀብርሃን ከደብረ ብርሃን ያመጣውን የራስ ቅል አምሳያ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከአፋፉ ቁልቁል በሚታየው የአፋር ቆላ ስለተገኙት አጥንቶች፣ ሰው ስንት ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ ሰው እንደሆነ ተናገረ።

"ለካ ገብሴን የሚፈጀው ጭላዳ ዝንጀሮ የዘመድ ድርሻውን ነው" አለ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጋሼ ፈንታሁን አልሳቁም። ስድሳ ዓመት ጾመዋል፣ ሰግደዋል። እንዲህ ከሆነ የኖርኩት ስለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። መምህሩ ይህን መጽሐፉ አይመልስም አለ።

እማዋይሽ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ የሸክላ ሠሪ ዘር ከየትኛው አጥንት ነው?"

"ከዚሁ ነው፣ እትዬ እማዋይሽ። ሌላ ግንድ የለም።"

"የጋሼስ?"

"የእሳቸውም።"

ደግሞ እንዲነግራት ጠየቀች። ደገመላት።

ሲወጡ ጋሼ ፈንታሁንን ምርኩዛቸውን ተደግፈው አገኘቻቸው። ሌላ ጊዜ ራቅ ብላ ታልፍ ነበር፤ አሁን ተጠጋች። አንቺንስ ደስ ብሎሻል አሏት፣ በምሬት።

"ጋሼ፣ እኔ አፈር አውቃለሁ" አለች። "ለአንድ ጋን ጭቃው ሁለት ሳምንት ይቦካል። አሮጌ ገል ተፈጭቶ ካልገባበት እሳት ላይ ይሰነጠቃል። እግዜር ሰውን ከአፈር ሠራ ይላሉ፤ ስንት ዘመን እንዳቦካው ማን ነገረዎት?"

በምርኩዛቸው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ።

"አሮጌው ገል የግድ ነው?"

"ያለሱ አይጠናም።"

አንገታቸውን ነቀነቁና ሄዱ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ጥያቄዋ ተነሳ፤ እሷ እንደ ወትሮው ደጅ ቆማለች። ከጥግ አንድ ሁለት ሰው "ቡዳ" እያለ አጉረመረመ። ጋሼ ፈንታሁን ተነሱ።

"የሁላችንም ጭቃ የተቦካው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው" አሉ። "የእኔ ሌላ ነው የሚል ይነሳና ያሳየን።"

ማንም አልተነሳም። ከጋኑ አስቀዱ፣ ግማሹን ጠጡና ዋንጫውን ወደ በሩ ዘረጉላት። የሰው ዓይን ወደ ጉያዋ ሄደ፤ ሽክናዋን ታወጣለች ብሎ ነው። አላወጣችም። ጠዋት ሆን ብላ ምድጃው ዳር ትታው መጥታለች።

የበሩን ደፍ ተሻግራ ገባች፤ ጋሼ ፈንታሁን አጠገብ ተቀመጠች። የጠጡበትን ዋንጫ እስከ አተላው ጨለጠችው።

የሚቀጥለው ወር ተራ የማን እንደሆነ ተጠየቀ።

"የእማዋይሽ ነው" አሉ ጋሼ ፈንታሁን።

እሷ ዋንጫውን መልሳ ዘረጋች።

"ጋኑ የእኔ ሥራ ነው፤ ይደገምልኝ።"