ሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ

በእኔ እጅ ያለፈ ቶፌስ ተመልሶ አያውቅም እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። ቶፌስ ማለት እዚህ አገር ሰው ለመወለዱም፣ ለመታመሙም፣ ቤት ለመቀየሩም የሚሞላው ቅጽ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ዕብራይስጡን ማንበብ ስለማይሆንላቸው ዓርብ ዓርብ ጠዋት ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። እኔም መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ እሞላላቸዋለሁ። ዓይኔ ላይ ለምን እንደማላደርገው አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ያለ መነጽር የሚያነብ ሰው የበለጠ አዋቂ የሚመስል መስሎኝ ነው መቼስ።

በተለይ የምኮራው በዘመን ሒሳብ ነበር። የኛ ሰው የተወለደበትን ዘመን የሚያውቀው፣ ካወቀው ማለቴ ነው፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው ደግሞ በፈረንጅ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት መደመር፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት፣ አለቀ። ሌላው በጣቱ ሲቆጥር እኔ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ደምሬ ጽፌዋለሁ።

አክስቴ የምላት የአጎቴን ሚስት ነው። ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እንደ እናት አንቺ እላታለሁ። እኛ ከጎንደር ስንወጣ ታናሽ እህቷ ሩቅ ቦታ ተድራ ስለነበር መልእክት ሳይደርሳት ቀረች። ያን ሁሉ ዘመን አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ። በስልክ ሲያወሩ እህቷ ሁልጊዜ የምትጠይቃት አንድ ነገር ነበር፤ «እኔ ማንን ነው የምመስል?»

እናታቸው የሞተችው ይቺ ታናሺቱ የስድስት ወር ሕፃን ሳለች ነው። ፎቶ የሚባል ነገር በዚያ አገር አልነበረም። ትልልቁ ዘመድ ሁሉ አልቆ፣ የእናታቸውን ፊት የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የቀረው አክስቴ ብቻ ነበረች። እሷም «ስትመጪ ፊትሽን ወደ ፀሐይ አዙሬ፣ በደንብ አይቼ ነው የምነግርሽ» ትላታለች። አንድ ጊዜ የእህቷን ፎቶ ልከውላት ስልኩን አስጠግታ አየችው፣ አርቃ አየችው፣ ከዚያ «ኧረ ወዲያ! ይኼ ጭስ ነው እንጂ ሰው ነው?» ብላ መለሰችልኝ።

ችግሩ ስልኩ አልነበረም፣ ዓይኗ ነው። ሐኪሙ ግላውኮማ ነው አለኝ፤ ጠብታው ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያቆመውም፣ ምናልባት አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት። ለአክስቴ ስነግራት «እንግዲያ ቶሎ ትምጣ» አለች። ያኔ ነው እኔ ደረቴን ነፍቼ «ለኔ ተይው፣ ይህዬ ብሴዴር» ያልኳት፤ ሁሉም ይስተካከላል ማለቴ ነው።

የምሠራው እዚሁ ከተማ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ከሚሉት መንገድ ጀርባ ነው። የአንድ አሮጌ ሕንፃ ጠባቂ ነኝ፤ ቧንቧ እጠግናለሁ፣ በር እቀባለሁ፣ ጎረቤትና ጎረቤት ሲጣላ እገላግላለሁ። ስሄድም ስመለስም በኢትዮጵያውያኑ ገዳም በደብረ ገነት በር ነው የማልፈው። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉዳይ የለኝም። ግን አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መነኩሴ የውሃ ቱቦ ፈንድቶባቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲታገሉ አየሁና ገብቼ አጠበቅሁላቸው። ጎንደሬ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን እንጨዋወታለን። በዓልና ጾም የሚወጣበትን የዘመን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

የአክስቴ እህት ወደዚህ የምትመጣበትን ማመልከቻ ልሞላ መሆኔን ስነግራቸው «እስኪ አምጣው፣ ዘመኑን አብረን እንየው» አሉኝ።

«ይተዉት አባ፣ ይኼ ለኔ እንጀራዬ ነው» አልኳቸው።

እንጀራዬም አልነበረም፣ በነጻ ነው የምሠራው። ደግሞ የሆዴን ልናገርና፣ የኛን ቤት ዘመን መነኩሴ ሊቆጥርልኝ ነው እንዴ የምትል ነገርም ውስጤ ነበረች። እሳቸው «እሺ፣ ይቅናህ» አሉኝ።

ቅጹን የሞላሁት ዓርብ ጠዋት ነው። ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ከአክስቴ ጋር ተመልሰን፣ ሎሚውና ጎመኑ ከፌስታሉ ሳይወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አልኩ። ከጎንደር የተላከው የእህቷ የልደት ወረቀት ስልኬ ላይ ነበር። ወሩን አየሁ፣ ኅዳር። ሰባት ደመርኩና ጻፍኩ። እናታቸው የሞተችበትን ዘመንና ወር ራሷ አክስቴ ነገረችኝ። ስምንት ደመርኩና ጻፍኩ። ከዚያ የጻፍኩትን እንደ ዜና አንባቢ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ትንሽ አሰብ አድርጋ «አንተ፣ እናቴ ስትቀበር እኮ እሷ ጀርባዬ ላይ ነበረች» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት፣ ቀና ሳልል።

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ። በአንቀልባ አዝያት፣ እያለቀሰች።»

«እሺ አክስቴ፣ ሰማሁ!»

ሦስተኛ ልትናገር አፏን ስትከፍት «ኧረ ሒሳቡን ለኔ ተይው! አንቺ እዚህ ጋ ፈርሚ» ብዬ እስክሪብቶውን እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ፈረመች። እኔ የድሮ ትዝታ መጥቶባት የምታወራ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሴትዮዋ ሒሳቤን እያረመችልኝ ኖሯል!

መልሱ የመጣው ከስምንት ወር በኋላ ነው። አልተፈቀደም። በሞላችሁት መሠረት አመልካቿ የተወለደችው እናቷ ናት የተባለችው ሴት ከሞተች ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ስለዚህ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው አልተረጋገጠም ይላል። እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። «እነዚህ ሰዎች መቁጠርም አያውቁም!» ብዬ ደብዳቤውንም የልደት ወረቀቱንም ይዤ በቀጥታ ወደ መነኩሴው ሄድኩ። ምስክር እንዲሆኑልኝ ነበር እኮ የሄድኩት፣ ድፍረቴ!

አባ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አደረጉት፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። እኔ እግሬን አንቀጠቅጣለሁ። በመጨረሻ ጣታቸው ከዓመቱ ጎን ጥግ ላይ ቆመች።

«ይቺን አየሃት?»

መነጽሬን ከግንባሬ አወረድኩ። ሦስት የትንኝ እግር የምታህል ፊደል፤ እ.ኤ.አ.። የጎንደሩ ጸሐፊ አስቀድሞ ወደ ፈረንጅ ቀይሮታል። እኔ በሰባቱ ላይ ሌላ ሰባት ጨመርኩበት።

«ሙት አስወለድክ» አሉኝ አባ፣ ሊያስቁኝ ፈልገው። አልሳቅሁም።

እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ነገር አለ። ያን ዓርብ ያን ቁጥር ስጽፍ የተሰማኝ ነገር፣ ልክ ስሆን ከሚሰማኝ በምንም አይለይም። ያው ፍጥነት፣ ያው ደስታ። ስህተት ሲገባ በር ያንኳኳል ብዬ ነበር የማስበው። ስለዚህ አባን ጠየቅኋቸው፣ በተንኮል ሳይሆን እውነት ማወቅ ፈልጌ፤ «እርስዎ ስንት ጊዜ ተሳስተው ያውቃሉ?»

«እኔ እንጃ» አሉ። «ቀመሩን በቃሌ ከያዝኩት ስድሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ግን አንዱንም ዓመት ለሌላ ሰው ሳላሳይ ተናግሬ አላውቅም። የምሳሳትበትን ቀን በምን አውቀዋለሁ?»

የዚያኑ ቀን ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ነበር፤ ብትረግመኝ በቀለለኝ። «ነግሬህ ነበር እኮ» አለች፣ ብቻ።

«ታዲያ ለምን ድርቅ አላልሽብኝም? ለምን ወረቀቱን አልቀደድሽውም?»

«አንተ የተማርከው ነህ፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ምናልባት ወረቀት እኔ የማላውቀውን ያውቅ ይሆናል ብዬ።»

በራሷ ጀርባ ተሸክማ ያወቀችውን ነገር ነው እኔ በአንድ ጩኸት ያስጣልኳት።

ይግባኙን ከአባ ጋር ሆነን ጻፍነው። እያንዳንዱን ቁጥር እሳቸው ደመሩ፣ እኔ ደመርኩ፣ ለአክስቴ አነበብንላት፣ እሷም «አሁን ልክ ነው» አለች። ግን አንዴ የተዘጋ ፋይል እንደገና እስኪከፈት፣ ቀጠሮ እስኪሰጥ፣ ቀጠሮው እስኪዛወር ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። በዚያ መሀል አክስቴ መጀመሪያ የባቡሩን ቁጥር ማየት ተወች። ቀጥሎ ገበያ ስንወጣ ሎሚውን በእጇ እየዳበሰች መምረጥ ጀመረች። አንድ ጠዋት ደግሞ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ፊቷ ላይ እያረፈ «ልጄ፣ እስኪ መብራቱን አብራው» አለችኝ። ማብሪያውን ቀጭ አደረግሁት። ምን ማድረግ እችል ነበር?

እህቷ መጣች። ከአውሮፕላን ጣቢያ ይዘናት ስንገባ ጠዋት ነበር። ተላቀሱ፣ ተሳሳሙ፣ እንደገና ተላቀሱ። ከዚያ አክስቴ ቃሏን ልትፈጽም እህቷን እየጎተተች ወደ በረንዳው ወጣች፤ ፀሐይ ወዴት እንደሆነ በቆዳዋ ታውቃለች። የእህቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ሰባ ዓመት የሞላት ሴትዮ እንደ ሕፃን ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች።

«እህ? ማንን ነው የምመስል?»

የአክስቴ ጣቶች በግንባሯ ሄዱ፣ በቅንድቧ፣ በአፍንጫዋ፣ አገጯ ጋ ደረሱ። እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከዚያ ቆሙ።

«የእናቴን ፊት በእጄ ዳስሼው አላውቅም» አለች። «በዓይኔ ነው የማውቃት።»

እህቷ ዓይኗን ገለጠች። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ወዳለሁበት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን።

«ልጄ፣ አንተ ሁሉን ታውቅ የለ? እስኪ አንተ እያትና ንገራት» አለችኝ። ስላቅ አልነበረበትም፤ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

መነጽሬን ከግንባሬ አውርጄ አደረግሁ። ቀረብ ብዬ አየኋት።

«አላውቅም፣ አክስቴ» አልኳት።