አባቴ የሚሰማበት ሸክላ

አባቴን ጆሮው የከዳው እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ከአንድ ክፉ ትኩሳት በኋላ ነው። ፊት ለፊቱ ቆሞ ለሚጮህለት ይመልሳል፤ ከጎኑ ለሚያወራው ግን ፈገግ ብሎ ዝም ይላል።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ድስቷና ገንቦዋ አርብ ገበያ ላይ ይፈለጋል፤ እሷ ግን የድስቷን ያህል አትፈለግም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት እየተባለ፣ ቤታችን ገብቶ ውሃ የሚጠጣ ጎረቤት አልነበረንም። እኔ እጇን እያየሁ አደግሁ፤ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ልማር በሄድኩ ጊዜም የመረጥኩት ያንኑ ጭቃ ነበር።

ሥራ እንደያዝኩ አንድ ባለቁልፍ ሞባይል ገዝቼ ላክሁላቸው። ስደውል አባቴ ይቀበልና ትንሽ ይታገላል። ከዚያ፣ “አልሰማም! እንኪ፣ አንቺ ንገሪኝ” ብሎ ስልኩን ለእናቴ ይሰጣታል። እኔ ብዙ አወራለሁ፤ እሷ ዞር ብላ፣ “ደህና ነኝ ትላለች!” ብላ ትጮህለታለች። በቃ፣ ያ ነበር ወሬዬ።

አንድ ክረምት ልጠይቃቸው መጣሁ። ጣሪያው ያፈስ ስለነበር እናቴ ስልኩን ባዶ ገንቦ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። ጥግ ይዞ ጅራፍ ሲገምድ የነበረው አባቴ ቀና አለ።

“ምንድን ነው እሱ የሚያዜመው?”

“የቱ?” አለች እናቴ።

“ያ! ገንቦው ውስጥ!”

እኔና እናቴ ተያየን። ወዲያው ድምፁን ከፍተን ሞከርነው፤ ገንቦው ድምፁን ቢያጎላውም ቃሉን ይውጠዋል። አፉ ጠባብ ነበር።

በማግስቱ እናቴ አፈር አቦካች። እኔ ወረቀት አውጥቼ ልነድፍ ስል፣ “እሱን ተይና አባትሽን ጥሪልኝ” አለችኝ። አጠገቧ አስቀምጣው፣ ያልደረቀውን ጭቃ አንዴ እያሰፋች አንዴ እያጠበበች፣ በውስጡ “አሁንስ?” ትለዋለች። የመጀመሪያው በክረምቱ እርጥበት ሳይደርቅ ተሰነጠቀ። ለሁለተኛው እንዳይሰነጠቅ እኔ የተሰበረ ድስት ገል አድቅቄ ቀላቀልኩበት፤ እሷ አፉን እንደ መለከት ሰፋ አድርጋ፣ ከሥሩ ስልክ የሚገባበት ቀዳዳ አወጣችለት። ኩበቱን የሰበሰበው አባቴ ራሱ ነው። እሳቱ እስኪበርድ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሣም።

ስልኩን ከከተትን በኋላ እኔ የራሴን ስልክ ይዤ ከአጥሩ ውጭ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ሆኜ ደወልኩ።

“አባ፣ ትሰማኛለህ?”

ደገምኩለት።

“አንቺ ነሽ?” አለኝ።

“እኔ ነኝ።”

“ድምፅሽ እኮ የትልቅ ሰው ሆኗል!”

ጆሮው ከከዳው ወዲህ እስከዚያን ቀን በጩኸት እንጂ በወጉ አውርቼው አላውቅም ነበር። ጆሮው ውስጥ የቀረው የልጅነት ድምፄ ኖሯል። ዛፉን ተደግፌ አለቀስኩ። እሱ ግን፣ “ምነው ዝም አለች? ተበላሸ እንዴ?” እያለ እናቴን ሲጠይቃት ይሰማኛል።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ወሬያችን ረዘመ። አንድ ቀን በወሬ መሐል፣ ባለፈው ዓመት ታምሜ የተኛሁ ጊዜ አልኩና ጀመርኩ።

“ታመሽ ነበር?”

“እማ አልነገረችህም?”

“ደህና ነኝ ትላለች ነው ያለችኝ!”

ከጀርባው እናቴ፣ “እንዳትጨነቅ ብዬ ነው!” ብላ ጮኸችለት።

“ከእንግዲህ ጭንቀቴን ራሴ እጨነቃለሁ!”

ከወንዙ ማዶ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የእናቴን ገንቦ ሲገዙ አጥር ላይ አስቀምጪው የሚሉ፣ ደጃችንን ረግጠው የማያውቁ ሴት ናቸው። ልጃቸው አረብ አገር ነበረች፤ የእሳቸውም ጆሮ ደክሟል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

“አባወራሽ ይሰማበታል የሚሉት ነገር... እኔንስ ያሰማኝ ይሆን?”

“ይግቡ እማማ” አለች እናቴ።

ልጃቸውን ሰሙ፣ አለቀሱ፣ መረቁ። ከዚያ ጉሮሯቸው ደረቀና፣ “እስቲ ውሃ ስጪኝ” አሉ። እናቴ በሸክላ ኩባያዋ ሰጠቻቸው።

ይህን የሰማሁት ከእናቴ ነው።

“ልጃቸውስ ምን አለች?” አልኳት።

“ውሃ እኮ ጠጡ” አለችኝ።

“ሰማሁ፣ ግን ልጃቸው...”

“ሁሉንም ጠጡት እኮ!”

ከጊዜ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር አዲስ አበባ አውደ ርእይ ስናዘጋጅ፣ ያንን ሸክላ እንድትልክልኝ ለመንኳት። “አባትሽና የማዶዋ እማማ በምን ይስሙ? ሌላ እሠራልሻለሁ” አለች። አዲሶቹ በገለባ ተጠቅልለው በአውቶቡስ መጡ፤ አንደኛው መንገድ ላይ ተሰብሮ ነበር። ስልኮች ከትቼባቸው ቀደም ሲል የቀዳሁትን የቤታችንን ድምፅ አሰማሁባቸው፦ ጭቃ ሲረገጥ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ፣ አባቴ በሬውን ሲቆጣ። ሰዎች ጎንበስ እያሉ ጆሯቸውን ያስጠጉ ነበር። አንድ ሽማግሌ እዚያው ቆመው ሳቁና ወደ መጀመሪያው ሸክላ ተመልሰው ደግመው ሰሙ።

ማምሻውን አባቴ ደወለ።

“ሰው መጣ?”

“ብዙ ሰው።”

“ምን ሰሙ?”

“አንተን። በሬውን ስትቆጣው።”

ትንፋሹ እስኪያጥረው ሳቀ። “ስሚ! አዲስ አበባ ድረስ ሰደብኩት!” ብሎ ለእናቴ ነገራት። ከዚያ ዝናቡ መጣ መሰለኝ፣ ስልኩን እንኳ ሳይዘጋ በሬውን ሊያስገባ ወጣ።