አባቴን ፍለጋ፣ ከያኪማ እስከ ሊንውድ

ከናዝሬት የወጣሁበት ምሽት ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። ጎረቤቱ ዲቪዬን እየመረቀ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ሲጠቀጥቅ፣ እናቴ እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና በሩን ዘጋችው።

«ሲያትል ነው አይደል የምትሄጂው?» አለችኝ፤ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። «አባትሽም የገባው እዚያ ነው። ካገኘሽው አትውቀሺው። በሕይወት መኖሩን ብቻ ንገሪኝ። ከሞተም ልወቀውና ላልቅስ።»

አባቴ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ሲወጣ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። ከካርቱም ደብዳቤ ጻፈ፣ ከአሜሪካ አንድ ፎቶ ላከ፣ ከዚያ ዝም። እናቴ በቁርባን ያገባች ናት፤ ሌላ ባል አላሰበችም። ባለትዳር እንዳትባል ባል የለም፣ መበለት እንዳትባል የሞተ የለም። እኔን አሳድጋ እንዲሁ አረጀች።

እኔም መጥቼ ሲያትል ጥግ፣ ቱክዊላ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ ሥራ መጋዘን ገባሁ። ስለ ሲያትል ዝናብ ሲወራ ሰምታችሁ ይሆናል። የኛ ዝናብ እኮ ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ ቆርቆሮውን ደብድቦ ይወጣለታል። ይሄኛው ሲያካፋ ይውላል፣ ሲያካፋ ያድራል፤ ጃንጥላ ብትይዙ ያስቅባችኋል፣ ባትይዙ ያበሰብሳችኋል።

ሐበሻ ባገኘሁበት ሁሉ «ታደሰ እንግዳሸት የሚባል ታውቃላችሁ?» እላለሁ። ታደሰማ ሞልቷል። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጋሽ መርዕድን አገኘሁ፤ ከድሮዎቹ ናቸው፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ።

«ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ነው» አሉኝ። «አባትሽ ሚስተር እንግዳሸት ነው የሚሆነው። የወለደም እንደሆነ ልጁ እንግዳሸት ነው የሚባለው።»

«የወለደ?»

«እንደው ለነገሩ ነው» ብለው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ «የዚያን ጊዜ አንዳንዱን ስፖንሰሩ ከተራራው ማዶ ያኪማ ነበር የሚወስደው፣ ፖም ለቀማ። አንድ እንግዳሸት የሚሉት ልጅ እዚያ ነበር። ያከራየችው ፈረንጅ አሁንም አለች ይባላል» አሉና ሠፈሩን ነገሩኝ።

በዕረፍት ቀኔ አውቶቡስ ይዤ ተራራውን ተሻገርኩ። ያኪማ ስወርድ ደንግጬ ቆምኩ፤ ፀሐዩ፣ አቧራው፣ ደረቁ ሙቀት፣ ናዝሬት በሉት! አባቴ ይህን እያየ እንዴት እኛን ረሳን ብዬ ተናደድኩ። እየጠየቅኩ የሴትየዋን ቤት አገኘሁ። አርጅታለች፣ ግን ስሙን ስጠራላት ፊቷ በራ።

«ኦ፣ ቴድ! ስዊት ሰው ነበር!» አለች። ታደሰ ቴድ ሆኗል። «ኪራይ አሳልፎ አያውቅም። ግን ያሳዝነኝ ነበር፤ በዓለም ላይ ማንም የለኝም ይለኝ ነበር። አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ማንም» አልኳት።

እሷ አልገባትም፤ በፌስታል ፖም ሞላችልኝ። ስወጣ፣ «ልጁ ዳንኤል እዚያው እናንተ ጋ፣ ሲያትል አጠገብ ሊንውድ ነው ያለው፤ በየገናው ካርድ ይልክልኛል» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። እንግዲህ ለእሷ ካርድ ይላካል።

ደወልኩ። በስልክ «ከአያትህ ከእንግዳሸት ቤት ነኝ» ብቻ ነው ያልኩት። «ኦ ማይ ጋድ!» ብሎ ጮኸ። «ስንት ዓመት ስፈልግ ነበር! ፕሊስ፣ ቤት ነይ!»

ሄድኩ። ቁመናው ያማረ ወጣት ነው፤ አማርኛው ይሰባበራል፣ ግን ይሞክራል። ግድግዳው ላይ ትልቅ የዘር ግንድ ስሏል። ከታች እሱ፣ ከላዩ ታደሰ፣ ከላዩ እንግዳሸት፣ ከዚያ ባዶ። ከጎኑ የአባቴ ፎቶ። ግንባሩ የኔ ግንባር ነው።

«ዳድ ስለ አገሩ ማውራት አይወድም ነበር» አለኝ። «ካንሰር ነው የገደለው። መቃብሩ ኖርዝጌት አካባቢ ነው።»

እንዲህ ነው የተረዳሁት። አላለቀስኩም፤ እሱ ፊት ማልቀስ አሳፈረኝ።

«ሶ፣ ከእንግዳሸት በላይ ማነው?» አለ ላፕቶፑን ከፍቶ። እናቴ በልጅነቴ አስጠንታኛለች። «እንግዳሸት ወልደየስ፣ ወልደየስ ብሩ፣ ብሩ ደስታ» አልኩት። እየጻፈ እንባው መጣ። «ሩቴን... ሥሬን አገኘሁ» አለ። እውነቱን ነው፣ ደስ ብሎታል፤ ሻይ አፈላልኝ፣ «እህቴ» እያለም ጠራኝ፣ ሐበሻ ለሁሉም እንደሚለው።

«እኔንስ የት ታደርገኛለህ?»

«አንቺ... የማን ልጅ ነሽ?»

«የታደሰ።»

ፎቶውን አየ፣ ግንባሬን አየ። ሞኝ አይደለም። ከዚያ አማርኛው ጠፋበት።

«ማይ ማም ኢዝ አላይቭ» አለ። «ይሄን ፕሪንት አድርጌ ለበርዝዴይዋ ልሰጣት ነበር። ዩ አንደርስታንድ?»

«የኔም እናት በሕይወት አለች።»

ወደ ላፕቶፑ ዞረ። «ኦኬ፣ ሶ... ካዝን ብዬ ላስገባሽ? ዲስታንት ካዝን?» የሩቅ ዘመድ ሊያደርገኝ ነው።

ኮቴን አነሳሁ። በሩ ድረስ ተከተለኝ፤ ይቅርታ ሊለኝ መስሎኝ ዞርኩ። «ፕሊስ፣ ከደስታ በላይ ያለውን ስም ብቻ ንገሪኝ» አለ።

«አላውቅም» አልኩት። አውቃለሁ።

የሞቱትን ዘመዶቹን ሁሉ ይፈልጋል። በሕይወት ያለችው ግን ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ወጣች።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ናዝሬት ደወልኩ። አንድ ጊዜ ሳይጠራ አነሳችው።

«እማዬ፣ አባባ አርፏል።»

«ነፍሱን ይማር» አለች። ቀጥላም፣ «ቀባሪ ነበረው?»

«ነበረው። ብዙ ሰው ነበር።»

«ተመስገን።» መኪኖች በአጠገቤ ያልፋሉ፣ እኔ የምላትን እያሰላሰልኩ ነው። «ልጄ» አለችኝ፣ «ሌላ አግብቶ ነበር?»

«እማዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው።»

«አልተቆራረጠም» አለች። «ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ።»

ስልኩን ግን አልዘጋችም። እኔም አልዘጋሁም።