የእታለም አውራ ጣት

የድራማ ሰዎች ሱቃችን የመጡ ዕለት ካውያዬን ቀሚስ ላይ ረስቼው ለጥቂት ነው ያላቃጠልኩት። እኔ ልብስ እተኩሳለሁ፣ ታላቅ እህቴ እታለም ትሰፋለች። ሁለታችንም ስድስተኛ ክፍልን ሳንጨርስ ነው እዚህች ጠባብ ክፍል የገባነው፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመታችን።

እታለም መልክ የለኝም ብላ ያመነች ሴት ናት። ማንም ፊት ለፊት አልነገራትም፤ የነገራት ቴሌቪዥኑ ነው። ከስፌት መኪናዋ ትይዩ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ይውላል። እዚያ ውስጥ የምትፈቀረው ሴት ሁልጊዜ ቀጭን ናት፣ ፊቷ ላይ አንዲት ነጥብ የለም። እንደ እኛ ክንደ ወፍራም ከመጣች ወይ የቤት ሠራተኛ ናት ወይ መሳቂያ። ደንበኞችም የአንዷን ተዋናይት ፎቶ በስልካቸው ይዘው «እንደ እሷ አድርጊልኝ» እያሉ ይመጣሉ።

«ቀሚሱን እሰፋዋለሁ፤ ወገቡን ግን እናትሽን ጠይቂ» ትላቸዋለች። ይስቃሉ። ሲወጡ ግን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ይቀራል።

ያን ዕለት ዳይሬክተሩ ገብቶ ዋናዋ ተዋናይት ልብስ ሰፊ ሆና እንደምትጫወት፣ ሱቃችንንም እንደሚፈልጉት ነገረን። ጎረቤቱ በሙሉ በር ላይ ተኮለኮለ። ተዋናይቷ፣ ያቺው ደንበኞቻችን በስልክ የሚያመጧት፣ የእታለም ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፔዳሉን ረገጠችው፤ ጨርቁ ተጨማደደ፣ ክሩ ተበጠሰ። ሦስት ጊዜ።

ዳይሬክተሩ ወደ እታለም ዞረ። «እህቴ፣ ፊቱ የእሷ ይሁን፤ እጅዎን ያውሱን።»

«ይሄን እጅ?» አለች እታለም እየተሽኮረመመች።

ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ እጇን ይዛ አገላበጠችው። አውራ ጣቷን ድሮ መርፌ በስቶት ጥፍሩ ተሰንጥቆ ነው ያደገው።

«ይሄማ ለካሜራ አይሆንም» አለች፣ ለእታለም ሳይሆን ለዳይሬክተሩ። ረጃጅም ጥፍር ለጠፈችባት፤ እስከ አንጓዋ ፋውንዴሽን የሚሉትን የፊት ቅባት ለቀለቀቻት። እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰለ። ያሳዘነኝ ግን እታለም ደስ ማለቷ ነው፤ እያገላበጠች ታየዋለች።

ከዚያ ነጩን ቬሎ ዘረጉላት። እጇን ወደ ጨርቁ ልካ መለሰችው።

«በዚህ እጅ ነጭ አልነካም።»

«ትንሽ ቢነካ ነው እናቴ፣ ምን አለበት?»

«የሙሽራ ልብስ ላይ ትንሽ የሚባል የለም። ሳቲን ቅባት ይጠጣል፣ አይለቅም።»

«እንግዲያው ሌላ እጅ እናምጣ» አለች ልጅቷ።

«ዝም ብለሽ ስፊ፣ ልብሱ እንደሁ የነሱ ነው» ብዬ በጆሮዋ አንሾካሾክሁላት። እንዲህ ያለ ነገር ወደ እኛ ቤት ሁለቴ አይመጣም፤ እንድትታይ ጓጉቼ ነበር። እሷ ግን ጥፍሩን አንድ በአንድ ነቀለችው። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አድርቃ ተመለሰች። ማንንም ሳታስፈቅድ ተቀመጠችና ከአንገት እስከ ወገብ ያለውን ስፌት ሳታቋርጥ ሰፋችው። ካሜራ ያዡ ሳይታዘዝ ጠጋ አለ። ዳይሬክተሩ የካሜራውን ትንሽ ስክሪን አየ።

«በዚሁ ይሁን» አለ።

ድራማው የሚተላለፍበት እሁድ ከሰዓት ቤታችን በሰው ጢም አለ። አልጋው ላይ አምስት፣ መሬት ላይ የቻለውን ያህል። ሙዚቃው ሲጀምር እኔ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። የተዋናይቷ ፊት መጣ፤ ቀጥሎ እጁ። ያ የተሰነጠቀ ጥፍር ስክሪኑን ሞላው።

እናታችን ከወንበሯ ብድግ አለች። «የልጄ እጅ ነው፣ ዝም በሉ» አለች፤ የሚናገር ሰው አልነበረም።

«ምናለ ፊትሽንም ቢጨምሩት» አለች ጎረቤታችን።

«ፊትማ ነበራቸው» አለች እታለም ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «መስፋት አቅቶት ነው እኮ እኔን የጠሩኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ረቡዕ ይደገማል ተብሏል። በዚያ ሰዓት ሱቁ ዝግ ነው ብላ ለደንበኞቿ የነገረችው እታለም ራሷ ናት። እኔ እንኳ አንድ ድራማ የሰው ልብ ይቀይራል ብዬ አላምንም፤ ብዙ ስላየሁ ብዙ አልጠብቅም። ነገር ግን ረቡዕ ስንት ቀን እንደቀረው ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ጠይቃኛለች፤ እኔም ሦስቴ ቆጥሬላታለሁ።