የአባባ ፈረቃ

የማብሪያ ማጥፊያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ የትም ቤት ብሰማ፣ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የኮልፌው ቤታችን ሳሎን ነው፤ መስታወት ላይ የደረቀ የባሕር ጨው ሽታም ተከትሎት ይመጣል። በሰፈራችን የባሕር ሽታ ያለው ቤት የእኛ ብቻ ስለነበር፣ የጎረቤት ልጆች «ዓሣ ዓሣ ትሸታላችሁ» እያሉ ያበሽቁን ነበር።

ነገሩን ያመጣው አባቴ ነው። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበርና፣ አንድ በጋ እዚያ ያለ ወዳጁ አገር ሲለቅ የሰጠውን ትልቅ የመስታወት ገንዳ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ የባሕር ውኃ በጀሪካን ሞልቶ፣ ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎችና ጥቂት ኮራል በባልዲ ይዞ ከች አለ። ኮራሉን እኛ «ድንጋዩ» ነበር የምንለው። አባቴ ግን ሕይወት ያለው ፍጥረት እንደሆነ፣ እንደ ተክል ከብርሃን እንደሚመገብ፣ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ ካልበራለትና ካልጠፋለት እንደሚሞት ነገረን። ከገንዳው በላይ ሁለት መብራት ሰቀለ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሰማያዊው፣ ትንሽ ቆይቶ ነጩ ይበራል፣ ማታ ደግሞ ነጩ ቀድሞ ይጠፋና ሰማያዊው ይከተላል።

ችግሩ አያቴ ነበሩ። አባባ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ዘበኝነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ስለነበሩ፣ በቀን የበራ መብራት ካዩ ዕረፍት አልነበራቸውም፤ ሰው ከክፍል ሲወጣ ተከትለው ያጠፉ ነበር፣ አንዳንዴም ሰው ተቀምጦ እያለ። አባቴ መንገድ በወጣ በማግስቱ ገንዳው ጨልሞ ተገኘ። እናቴ «ምነው አባባ?» ብትላቸው፣ «ፀሐይ ወጥቶ እያለ ለድንጋይ መብራት? ጭራሽ!» አሏት። ብታበራው ያጠፉታል፣ ደግማ ብታበራው ደግመው ያጠፉታል።

አባቴ ተመልሶ የተኮማተረውን ኮራል ሲያይ ይቆጣል ብለን ስንጠብቅ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ነቅሎ ከአባባ ወንበር አጠገብ ገጠማቸውና «አባባ፣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። የዚህ ገንዳ ፈረቃ የእርስዎ ነው» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ከኪዳን ተመልሰው፣ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ሰማያዊውን ቀጭ አድርገው «እንደምን አደራችሁ» ይሉ ነበር፤ ለዓሣዎቹ፣ እኛን ገና ሰላም ሳይሉ። ማታም እንግዳ ቢኖር፣ ልጆች አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ቢገኙ፣ ሰዓቱ ከደረሰ «በቃ፣ ይተኙበት» ብለው ያጠፉት ነበር።

ክረምት ሲገባ መብራት አሥር ጊዜ ይሄድ ጀመር። አባባ የዓሣዎቹ ቀን መቆረጡ ስላንገበገባቸው፣ የጎደለውን ከመሸ በኋላ ያካክሱላቸው ነበር። መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። አባቴ መጥቶ ብርሃን ሲበዛም እንደሚጎዳቸው ሲያስረዳቸው፣ «ለካ ፈረቃ አይደረብም» ብለው ተቀበሉ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለማንም ሲቀበሉ አይቼ አላውቅም። መስከረም ላይ ኮራሉ በጎኑ ትንሽ ሐምራዊ ቡቃያ አወጣ፣ አባባም ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ።

በጥር አባባ አረፉ። አባቴ ከመንገድ ለቀብሩ ደረሰ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሳሎን ገብታ ገንዳው ሲያበራ ብታይ፣ መብራቱን አጥፍታ የአባባን ጋቢ አመጣችና ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው። «ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን እንኳ አይከፈትም፣ ይሄ ይብለጭለጭ?» አለች። ማንም አልተቃወማትም። አባቴ ቀብሩ ላይ እንኳ አላለቀሰም ነበር፣ ድንኳኑ ውስጥ መሬት መሬት እያየ ይቀመጥ ነበር።

በሣልስቱ ጠዋት የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቡቃያው ደብዝዞ ወደ ውስጥ ተሰብስቧል። ጥቂት ቀን ጨለማ ኮራል እንደማይገድል ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን አባባ ሁለተኛ ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ድንኳኑ ውስጥ በሰው መሃል ተሽሎክልኬ አባቴ ጆሮ ላይ «አባዬ፣ ሦስት ሰዓት ሆኗል» አልኩት።

አየኝና ተነሣ። ሳሎን ገብቶ ጋቢውን ከገንዳው ላይ ሳበና ትከሻው ላይ ጣለው፣ በአባባ ወንበር ተቀምጦም ሰማያዊውን ቀጭ አደረገው። አክስቴ ተከትላው ገብታ «ምን ነካህ? ሰው ምን ይላል?» አለችው።

«እትዬ፣ የአባባ ፈረቃ ነው» አላት። ከዚያ ወደ ዓሣዎቹ ዞሮ «እንደምን» ብሎ ጀመረ፤ ቀሪውን ሳይጨርስ አለቀሰ። አክስቴ ከጎኑ ቁጭ አለች። ዕንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች «ነጩስ መቼ ነው የሚበራው?» ብላ ጠየቀችው። ሰዓቱ ሲደርስ ነጩን ያበራችው እሷ ናት።

አሁን ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ የራሴ ገንዳ አለኝ፣ ከዚያ ቡቃያ የተገመሰው ኮራልም አድጎበታል። መብራቱ በሰዓቱ እንዲበራና እንዲጠፋ አንድ ጊዜ በስልኬ አስተካክዬዋለሁ፤ ቀስ እያለ ይነጋል፣ ቀስ እያለ ይመሻል፣ እንደ አባባ አያካክስም፣ እንግዳም አያስቀይምም። ሰማያዊውን ግን ለስልኩ አልሰጠሁትም። አባቴ መንዳት ትቶ ከእኔና ከቤተሰቤ ጋር ይኖራልና፣ ጠዋት ጠዋት በዚያው ጋቢ ተጠቅልሎ፣ አንዳንዴ አርፍዶ፣ ከክፍሉ ይወጣል። ቀጭ ያደርገውና «እንደምን አደራችሁ» ይላቸዋል፤ እኛን ገና ሰላም ሳይል።